ድንገት ከቤት ውጡ ብንባል፤ ባልና ሚስት አስቀድመው ሊነጋገሩበት የሚገባ ጉዳይ

አንድ ቤተሰብ ሳያስበው በጥቂት ደቂቃ ወይም በጥቂት ቀን ውስጥ ቤቱን ጥሎ እንዲወጣ የሚያስገድዱ አደጋዎች ለአገራችን እንግዳ አይደሉም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሰው በተኛበት ሌሊት የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ብዙ ሺህ ሰዎችንም ከቤታቸው አፈናቅሏል። ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚቆይ፣ ሰው በእግሩ የሚሻገረው ወንዝ ነው። ጎርፉን ያመጣው በዋናነት ከከተማው በላይ በሚገኘው ደጋ የጣለው ዝናብ ስለነበረ በታች ለተኙት ብዙዎቹ የማሰቢያ ጊዜ አልሰጣቸውም።

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው የደረሰው ደግሞ ሌላ ዓይነት ነበር። መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ ታኅሣሥ 26 ቀን መጠኑ 5.7 ገደማ የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ። በዚያው ሰሞን መንግሥት ለአደጋው የተጋለጡ 80 ሺህ ያህል ሰዎችን ወደ ሌላ ስፍራ ማዛወር መጀመሩን አስታወቀ። የካቲት 7 ቀን ደግሞ መጠኑ 6.0 የሆነ ሌላ መንቀጥቀጥ ተከተለ። ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ስለተሰማ በፎቅ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ልጆቻቸውን አቅፈው በሌሊት ወደ ሜዳ የወጡበት ጊዜ ነበር።

ከእነዚህ ሁለት አደጋዎች አንድ ነገር መረዳት ይቻላል። ጎርፍና እሳት የሚሰጡት ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። እንደ አዋሽ ፈንታሌው ያለው አደጋ ግን ዕቃ ለመሰብሰብ የሚበቃ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ ይሁን እንጂ መቼ ወደ ቤት እንደሚመለሱ አይታወቅም። በመሆኑም አንድ ቤተሰብ የሚያስፈልገው ዝግጅት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው በእጅ ተነጥቆ የሚወጣ ቦርሳ፣ ሁለተኛው ለሳምንታት ወይም ለወራት ከቤት ርቆ ለመቆየት የሚሆን ሐሳብ ነው።

ስለ አደጋ ዝግጅት ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሱት ውሃ፣ ምግብ፣ የእጅ ባትሪና ብርድ ልብስ ናቸው። ሁሉም ያስፈልጋሉ። እኛ በእናቶችና ሕፃናት ጤና ላይ የምንሠራ አዋላጅ ነርሶች ግን ሌላም የሚታየን ነገር አለ። የሚስት የመርፌ ቀጠሮ፣ በየማታው የምትውጠው እንክብል፣ የእርግዝና ክትትል ካርዷ፣ የሕፃኑ የክትባት ካርድ፣ እነዚህ ሁሉ በአደጋ ጊዜ ከቤት ይቀራሉ። እናት በድንኳን ውስጥ ሆናም ትፀንሳለች፣ ምጥ ይይዛታል፣ የወር አበባዋም ይመጣል። ቤት ያጣ ቤተሰብ ያላሰበው እርግዝና ቢጨመርበት ሸክሙ ምን ያህል እንደሚሆን ባለትዳሮች ራሳቸው ያውቁታል።

«ክፉ አትጥራ» ለሚሉ

ባል ወይም ሚስት ይህን ጉዳይ ሲያነሡ ከሌላው ወገን መጀመሪያ የሚሰማው «ምነው፣ ክፉ አትጥራ» የሚል ቃል ነው። አደጋን አስቀድሞ ማውራት እንደ ሟርት የሚቆጠርበት ቤት ጥቂት አይደለም። ነገር ግን በየቤታችን ሚስት ወሯ ሲገባ የገንፎው እህል ተፈጭቶ፣ ቅቤው ተነጥሮ፣ የሕፃኑ ልብስ ታጥቦ ይቀመጣል። ይህን ሟርት ነው የሚል የለም። ለድንገተኛ አደጋ መዘጋጀትም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ውይይቱ ረጅም ጊዜ አይወስድም። አንድ እሑድ ከሰዓት ቡና ሲፈላ ሊያልቅ ይችላል። ዋናው ነገር ሁለታችሁም በተገኛችሁበት መሆኑ ነው። ለምሳሌ ያህል በአንድ ግቢ ተከራይተው የሚኖሩ፣ የ4 ዓመት ልጅና የ8 ወር ሕፃን ያሏቸው ባልና ሚስትን እናስብ። እሱ ቀን ሥራ ላይ ነው፤ እሷም ግማሽ ቀን ትሠራለች፤ ልጆቹ ከቤት ሠራተኛዋ ጋር ናቸው። እሳት በቀን ቢነሣ ልጆቹን የምታወጣው ያቺ ሠራተኛ ናት። ታዲያ ወዴት እንደምትሄድ፣ ለማን እንደምትደውል ነግረዋታል? ስልክስ አላት? በብዙ ቤት መልሱ «የለም» ነው። ስለዚህ በውይይቱ የቤት ሠራተኛዋም፣ አብራችሁ የምትኖር አያትም ይገኙ። አያት ራሷ ከአልጋ የማትነሣ ከሆነች ማን እንደሚደግፋት ወይም እንደሚሸከማት በዚያው ይወሰን፤ አንድ ሰው ብቻውን የማይችል ከሆነ የጎረቤት ጎልማሳ ይጠየቅ።

ከውይይቱ ሳትነሡ እነዚህን ብትወስኑ መልካም ነው፤ ሕፃኑን ማን ይይዛል? ትልቁን ልጅስ? ቦርሳውን የሚያወጣው ማን ነው? ብንጠፋፋ የምንገናኘው የት ነው? የመገናኛው ቦታ ሁለት ይሁን። አንደኛው ከግቢው አጠገብ ያለ ሁላችሁም የምታውቁት ምልክት፣ ለምሳሌ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ በር፣ ሁለተኛው ሰፈሩ በሙሉ የማይቀረብ ቢሆን የምትሄዱበት የዘመድ ቤት ነው። ከዚህም ሌላ በሌላ ከተማ የሚኖር አንድ ዘመድ ምረጡ። በከተማው ውስጥ ስልክ አልያያዝ ቢል ሁለታችሁም ለዚያ ዘመድ እየደወላችሁ ያላችሁበትን ትነግሩታላችሁ። ቁጥሩ በወረቀት ተጽፎ በእያንዳንዱ ሰው ኪስ ይኑር፤ የስልክ ባትሪ ሲያልቅ ስልኩ ውስጥ ያለ ቁጥር አይጠቅምም።

ቁልፍ፣ ቡታጋዝና ቆጣሪ

በከተማ ቤቶቻችን ከሌባ ለመጠበቅ መስኮቱን በብረት ፍርግርግ፣ በሩን በጓጉንቸር እንዘጋለን። በሌሊት እሳት ወይም ጎርፍ ሲመጣ ይኸው መጠበቂያ ወጥመድ ይሆናል። ቁልፉ አንድ ቀን ከአልጋ ራስጌ፣ አንድ ቀን ከቁም ሣጥን ላይ የሚቀመጥ ከሆነ በጨለማ ማን ያገኘዋል? ከመዝጊያው አጠገብ፣ ከውጭ በእጅ በማይደረስበት ግን ትልቁ ልጅ በሚደርስበት ምስማር ላይ ሁልጊዜ ይሰቀል። በዚያው ምስማር አጠገብ አንቀልባው ይንጠልጠል። ሕፃን በአንቀልባ ያዘለች እናት ሁለት እጇ ነጻ ነው፤ ልጅ ያቀፈ ሰው ግን ጉልበት በሚደርስ ጎርፍ ውስጥ ምንም ነገር ጨብጦ ራሱን ማዳን አይችልም።

ቡታጋዙ ከሲሊንደሩ ላይ እንዴት እንደሚዘጋ፣ የመብራቱ ቆጣሪ የት እንደሚጠፋ ሁለታችሁም እወቁ። ሆኖም ውሃ ወደ ቤት ከገባ ቆጣሪውን ለመንካት አትሞክሩ። መሬት በምትንቀጠቀጥበት ቅጽበትም ወደ ደረጃ አይሮጥም፤ ከመስኮትና ከትልልቅ ቁም ሣጥን ርቆ ከጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ተጠግቶ ራስን በክንድ መሸፈን ይሻላል፤ ንዝረቱ ሲቆም ወዲያው መውጣት ነው። በአዲስ አበባ የእሳትና የድንገተኛ አደጋ ስልክ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ቦርሳው

ቦርሳው በጀርባ የሚታዘል ቢሆን ይመረጣል። ከ10 ኪሎ የበለጠ ከሆነ ከልጅ ጋር አይሮጥበትም። የበሩ አጠገብ ይቀመጥ እንጂ ከአልጋ ሥር ከሌላ ጓዝ ጋር አይሁን።

ስለ ምግቡ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ እናቶቻችን ለመንገድ የሚሰንቁትን ያውቃሉ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ከተገኘም ጭኮ፣ እሳት የማይፈልጉና ቶሎ የማይበላሹ ናቸው። ለመጠጥ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ያህል ውሃ ይታሰባል፤ ይህን ሁሉ ተሸክሞ መሄድ ስለማይቻል በቦርሳው ጥቂት የታሸገ ውሃና አንድ የውሃ ማከሚያ፣ ለምሳሌ ውሃ አጋር፣ ይያዝ። አጠቃቀሙ በጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። የእጅ ባትሪ፣ ክብሪት፣ ሳሙና፣ አንድ ጋቢ፣ ለሚስትና ለደረሱ ሴት ልጆች ሞዴስ ወይም የሚታጠብ ንጹሕ ጨርቅ፣ ለልጆች ሦስት አራት የኦ.አር.ኤስ. ከረጢት ይጨመር። አንዱ ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። ገንዘብም በትንንሽ ኖት ይኑር፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብር ዳቦ አይገዛም።

ወረቀቶቹ ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ ይጠቅለሉ፤ የቀበሌ ወይም የፋይዳ መታወቂያ፣ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት፣ የቤት ካርታ ወይም የኪራይ ውል ቅጂ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ውጤት። ከእነዚህ ጋር የጤና ካርዶች በሙሉ ይሁኑ። ካርዶቹን ከክሊኒክ ስትመለሱ በእጅ ቦርሳ ውስጥ ከመተው ወዲያው ወደዚህ ፕላስቲክ መመለስን ልማድ አድርጉት።

በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት ያለው ሰው፣ የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ የቲቢ ወይም የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ቢሆን፣ ቢያንስ የሁለት ሳምንት የሚሆነውን በቦርሳው ያስቀምጥ፤ ይህን እንዴት ማድረግ እንደሚቻልም ከሚከታተለው ባለሙያ ጋር ይነጋገር። የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የምትወስድ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ካቋረጠች ጉዳቱ ወደ ሕፃኑም ሊሄድ ይችላል። ኢንሱሊን በሞቃት ቦታ እንዳይበላሽ በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ የሸክላ ዕቃ ውስጥ፣ ጠርሙሱ ራሱ ውሃ ሳይነካው፣ ማስቀመጥ ይረዳል።

የወሊድ መቆጣጠሪያው እንዳይቋረጥ

ወደ ክሊኒክ ብቻዋን የምትመጣ እናት ብዙ ናት። ባልየው ሚስቱ መርፌ እንደምትወጋ ያውቃል፤ ቀኑን ግን አያውቅም፤ ምን ዓይነት መርፌ እንደሆነም አይጠይቅም። በአደጋ ጊዜ ካርዱ ቢጠፋና እሷም በድንጋጤ ወይም በሕመም ላይ ብትሆን ቀኑን የሚያስታውስ ሰው ይጠፋል። ስለዚህ ይህን ክፍል ሁለታችሁም አብራችሁ አንብቡት።

እንክብል የምትወስድ እናት ከምትጠቀምበት ሌላ አንድ ያልተከፈተ ፓኬት በቦርሳው ታስቀምጥ። በየጊዜው ያን እየተጠቀመች በአዲስ ትተካው፤ ካልሆነ የአገልግሎት ጊዜው ያልፋል። በግርግሩ አንድ ወይም ሁለት እንክብል ቢያመልጣት ባስታወሰች ጊዜ ወዲያው አንድ ትዋጥ፤ የቀሩትንም በተለመደው ሰዓት ትቀጥል። ሦስትና ከዚያ በላይ በተከታታይ ካመለጣት ግን እንክብሏን ቀጥላ ለ7 ቀናት ኮንዶም መጠቀም ወይም ከግንኙነት መታቀብ ይኖርባቸዋል። ለሚያጠቡ እናቶች የሚሰጠው እንክብል ከዚህ ይለያል። ከተለመደው ሰዓት 3 ሰዓት እንኳ ቢያልፍ እንዳስታወሰች ውጣ ለ2 ቀናት ኮንዶም ቢጨመርበት ይመረጣል። በስደት ላይ ሰዓት ጠብቆ መዋጥ ያስቸግራልና ይህን እንክብል የምትወስድ እናት ሌላ ዘዴ ትፈልግ እንደሆነ በቀጠሮዋ ቀን ብታማክር ደግ ነው።

የ3 ወር መርፌ የምትወጋ እናት ማወቅ ያለባት ሁለት ነገር ነው። መርፌው ከቀጠሮው ቀን እስከ 2 ሳምንት ቀደም ብሎ ሊወጋ ይችላል። የቤተሰቡ መውጣት የሚቀር ካልሆነና ቀጠሮዋ ከተቃረበ ከመንገድ በፊት ብትወጋ ሦስት ወር ሙሉ አታስብም። ሁለተኛ፣ ቀጠሮው በመንገድ ላይ ቢያልፍ እስከ 4 ሳምንት ድረስ ዘግይታ ልትወጋ ትችላለች፤ መድኃኒቱ ወዲያው ከሰውነት አይጠፋም። ከ4 ሳምንት ካለፈ ግን እስክትወጋ ድረስ ኮንዶም ያስፈልጋል፤ ስትመጣም ባለሙያው እርግዝና አለመኖሩን አጣርቶ ይወጋታል። ብዙ እናቶች አንድ ሳምንት ስላለፈባቸው ብቻ «አበቃልኝ» ብለው ሳይመጡ ይቀራሉ፤ ይህ ትክክል አይደለም። እዚህ ላይ የተነገረው ስለ 3 ወሩ መርፌ ነው፤ ሌላ ዓይነት መርፌም ስላለ የመርፌው ስም በካርዱ ላይ መኖሩን ተመልከቱ።

በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን ወይም በማኅፀን የሚቀመጠውን ሉፕ የያዘች እናት በዚህ በኩል ቀላል ሸክም አላት። ቤቱ ቢፈርስም ዘዴው ከእሷ ጋር ነው። በክንድ የሚቀበረው እንደ ዓይነቱ ለ3 ወይም ለ5 ዓመት፣ መዳብ ያለበት ሉፕ ለ10 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል። እሷ በቦርሳዋ የምትይዘው ዓይነቱንና የገባበትን ቀን የሚያሳይ ካርድ ብቻ ነው። ይህን ስል ሁሉም እናት አሁኑኑ ዘዴዋን ትቀይር ማለቴ አይደለም። የሚስማማውን መምረጥ የባለትዳሮቹ ድርሻ ነው።

የትኛውንም ዘዴ ብትጠቀሙ ጥቂት ኮንዶም በቦርሳው ይኑር። ከፀሐይና ከሙቀት ይጠበቅ፤ የአገልግሎት ጊዜው ይታይ። ዘዴው ተቋርጦ ግንኙነት ቢደረግ ደግሞ ድንገተኛ የወሊድ መከላከያ እንክብል እስከ 5 ቀን ድረስ ሊያገለግል ይችላል፤ ሆኖም በዘገየ ቁጥር ኃይሉ እየቀነሰ ስለሚሄድ በመጀመሪያው ቀን መውሰዱ ይበልጣል። በየጊዜው የሚወሰድ የዘወትር ዘዴ ግን አይደለም። ቀድሞ የተፀነሰ ካለም አያስወርድም።

ብዙ ሰው በአንድ ላይ በሚጠለልበት ቦታ ሴቶችና ልጃገረዶች ለመደፈር አደጋ ይጋለጣሉ። ይህ ቢደርስ ነውር ነው ብሎ መደበቅ ጉዳቱን ያባብሰዋል። በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ለደረሰች ሴት ኤች.አይ.ቪ.ን የሚከላከል መድኃኒት ይሰጣታል፤ እስከ 5 ቀንም እርግዝናን መከላከል ይቻላል። ባል ሚስቱን፣ አባት ልጁን ሳይወቅስ ፈጥኖ ይዟት ይሂድ።

ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት

በቤቱ ነፍሰ ጡር ካለች ለመውጣት የሚጠበቀው የመጨረሻው ሰዓት መሆን የለበትም። በተለይ ወሯ የገባ እናት አደጋ ሊመጣ ይችላል ተብሎ ሲነገር ከቤተሰቡ ቀድማ ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ወደሚቀርባት ዘመድ ብትሄድ ይሻላል። የእናቶች ማቆያ ያላቸው ጤና ጣቢያዎችም አሉ፤ ቀኗ እስኪደርስ በዚያ ልትቆይ ትችላለች። «ባሌን ትቼ እንዴት እሄዳለሁ» የምትል እናት አትጠፋም። ባልየው ራሱ ሂጂ ቢላት ነገሩ ይቀላል።

የክትትል ካርዷ፣ የደም ዓይነቷ፣ የምትወስደው የደም ማነስ እንክብል ከእሷ አይለዩ። ከቤተሰቡ ቦርሳ ሌላ ትንሽ የወሊድ ከረጢት ይዘጋጅላት፤ አዲስ ያልተከፈተ ምላጭ፣ ሁለት ሦስት የተቀቀለና የደረቀ ንጹሕ ክር፣ ሳሙና፣ የእጅ ጓንት፣ የሚነጠፍ ንጹሕ ፕላስቲክ፣ ሦስት ንጹሕ ጨርቅና የሕፃን ኮፍያ። እነዚህ በቤት ለመውለድ እንዲያበረታቱ የቀረቡ አይደሉም። መውለጃው ጤና ተቋም ነው። ነገር ግን ድልድይ ተሰብሮ ወይም መንገድ ተዘግቶ ምጡ ቢቀድም ባዶ እጅ ከመሆን ያድናሉ።

እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ የሚረዳት ሰው መጀመሪያ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ሕፃኑ እንደተወለደ በንጹሕ ጨርቅ ተጠርጎ ይድረቅና በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ተደርጎ ከላይ ይሸፈን። እትብቱ በሁለት ቦታ በክር ተጠብቆ ከታሰረ በኋላ በመካከሉ በአዲሱ ምላጭ ይቆረጥ። ቅቤም፣ አመድም፣ ሌላም ነገር አይቀባ፤ ከጤና ተቋም የተሰጠ የእትብት ቅባት ካለ እሱ ብቻ ነው። ጡት በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ይሰጠው፤ ገላውን ማጠብ እስከ ማግሥቱ ይቆይ። የእንግዴ ልጁን ጎትቶ ለማውጣት አይሞከር። በግማሽ ሰዓት ካልወጣ ወይም ደም በብዛት ከፈሰሰ አምቡላንስ መጥራት፣ ካልተገኘም በሚገኘው መኪና ወይም በቃሬዛ ማድረስ ነው። ከወለደች በኋላ በሚደርስ ደም መፍሰስ እናት በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ስለምትችል ምክር የሚበዛበት ሰዓት አይደለም።

ከወሊድ በፊትም ቢሆን ደም ከታየ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ፣ ከተንፈራገጠች፣ የሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ትኩሳት ከያዛት ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ የድንኳኑ ወረፋ ተትቶ ወደ ሕክምና መሄድ አለባት። የድካሙ ነው፣ የመንገዱ ነው ተብሎ አይታለፍ።

«ድንጋጤ ጡቴን አደረቀው»

ይህን አባባል ከብዙ እናቶች እንሰማለን። ድንጋጤ ወተቱ ለጥቂት ጊዜ ቶሎ እንዳይወርድ ሊያደርግ ይችላል፤ ወተቱን ግን አያደርቀውም። ሕፃኑ ደጋግሞ በጠባ መጠን ይመለሳል። የእናትየዋን ትከሻ ሸፍኖ፣ ጥግ ሰጥቶ፣ ውሃና አጥሚት አቅርቦ ማሳረፍ ከሁሉ የበለጠ መድኃኒት ነው፤ ይህም ለባልና ለአማት የሚመች ሥራ ነው።

በመጠለያ የዱቄት ወተት ሲታደል «ለምን ይቅርብኝ» ብለው ለሚጠባ ሕፃን የሚሰጡ አሉ። ንጹሕ ውሃና ጡጦ የሚቀቀልበት እሳት በሌለበት ቦታ ይህ ተቅማጥ ያመጣል፤ ተቅማጥም ሕፃን ይገድላል። 6 ወር ያልሞላው ሕፃን ከእናቱ ጡት በቀር ውሃም አይፈልግ። እናቱን ያጣ ወይም ጡት የማይጠባ ሕፃን ካለ ወተቱ የሚሰጠው በጤና ባለሙያ ምክር፣ በጡጦ ሳይሆን በንጹሕ ኩባያ ነው።

ከወጣችሁ በኋላ

ትንንሽ ልጆች ስማቸውን እንጂ የአባታቸውን ስልክ አያስታውሱም። ስምና ስልክ የተጻፈበት ወረቀት በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በልብሳቸው ውስጥ ይሰፋ። መጠለያ ስትደርሱ የቤተሰቡ አባላት በሙሉ፣ ሠራተኛዋም ጭምር፣ በአንድ ላይ ተመዝገቡ። እዚያ ለሚገኘው ጤና ባለሙያም ነፍሰ ጡር፣ አራስ ወይም መድኃኒት የምትወስድ እናት መኖሯን አሳውቁ። የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት መጠየቅም በዚህ ጊዜ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም፤ ካልተጠየቀ ሊረሳ ይችላል። ሴቶች በሌሊት ወደ መጸዳጃ ሲሄዱ ብቻቸውን አይሂዱ፤ ባል ባትሪውን ይዞ ይከተል።

ዕቃ ለማውጣት ተመልሶ መግባት ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነገር ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የመሬት መንሸራተት በደረሰ ጊዜ ከሞቱት ከ200 በላይ ሰዎች መካከል በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ተሰብስበው ሳለ በሁለተኛው ናዳ የተያዙ ይገኙበታል። እነሱ የሄዱት ሰው ለማዳን ነበር። ለቴሌቪዥንና ለፍራሽ ብሎ የሚመለስ አባወራ ግን ልጆቹን ያስባቸው።

ስለ እድርም አንድ ቃል መጨመር እፈልጋለሁ። የሰፈራችን እድር ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ የየቤቱን ሰው በስም ያውቃል። ከመቃብር መልስ ይህን ሁሉ ለአደጋ ጊዜም እንዴት እንደሚጠቀምበት በስብሰባው ላይ ብታነሡ፣ ነፍሰ ጡሮችና አቅመ ደካሞች የት የት እንዳሉ አስቀድሞ ቢመዘገብ፣ ለአንድ ቤተሰብ ከባድ የሆነው ለሰፈሩ ይቀላል።

ቦርሳው ከተዘጋጀ በኋላ ለዓመታት ሳይታይ መቀመጥ የለበትም። የሕፃኑ ልብስ ይጠበዋል፤ በሶው ይነቅዛል፤ የባትሪው ድንጋይ ይፈሳል። መርፌ የምትወጋ እናት በየሦስት ወሩ ቀጠሮ ስላላት ያ ቀን የቦርሳው መፈተሻ ቀን ይሁን፤ ሌላ ዘዴ የምትጠቀሙም የሕፃኑን የክትባት ቀን ወይም የቤት ኪራይ የሚከፈልበትን አንድ ቀን ምረጡ። በዚያን ዕለት ባልየው ካርዱን አውጥቶ የሚቀጥለውን ቀጠሮ በራሱ ስልክ ላይ ይመዝግብ። ጊዜው ያለፈበት እንክብል ወይም ኮንዶም ብታገኙ ወደ ክሊኒኩ ይዛችሁ ኑ፤ ስለ አወጋገዱና ስለ መተኪያው እዚሁ ጠይቁ። የማይነበብ ወይም የተቀደደ ካርድ ካለም ከመዝገቡ ላይ አዲስ እንዲጻፍላችሁ ለተረኛዋ ነርስ ንገሩ።